ዘጠነኛው ጥቅልል

በሚየሬስ ከተማ፣ ኖቬዳ ሲኒማ፣
ቲኬት ቀዳጅ ሳለሁ፣ በጥቅምት ጨለማ
ከማድሪድ የላኩት አንድ ፊልም ደረሰ፤
ደረጃው ዐሥራ ሁለት ቆርቆሮ ለበሰ።
«አምስት ሰዓት ሊሞላ ዐሥር ደቂቃ ጎድሎት!
ይኼማ ፊልም አይደል፣ ፈረቃ ነው» አሉት
አጫዋቹ ሴልሶ፣
ወገባቸውን ይዘው ሽቅብ ሲያወጡት።

ታሪኩ የእኛው ነው፦ የአስቱሪያስ ከሰል፣
ቆፋሪ ዲናሚት በሲጋራ ሲያቀጣጥል፣
ገንዘብ ተሽሮ ዳቦ በብጣሽ ወረቀት ሲታደል፤
ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሸለቆው ጌታ አልነበረውም።
ከዚያ ጦሩ መጣ።
ከዚያ አርባ ዓመት፣ ዝም።

ዳይሬክተሩ ግን ንግግር ይወዳል።
ዋናው ተዋናይ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣
ይናገራል፣ ይወርዳል፣ ፍቅረኛውን ይስማል፣
በሁለት መሳም መሐል ስለ መደብ ያብራራል፣
ሌላ ጠረጴዛ ያመጡለትና እንደገና ይወጣል።
ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤
ይኼኛው ግን ይኸው፣ በቆርቆሮ ተጭኗል።

ከጉድጓድ ሲወጣ ነጭ ነበር ጥፍሩ፤
ሳቁ ጡረተኞች ከኋላ ወንበሩ።
ሳቁ ሳል ሆነና እስከ ዕረፍት ድረስ
አላባራም፤ አቧራ የዋጠ ሳንባ ቶሎ አይመለስ።

ሰባተኛው ረድፍ ዳር
ሴኞራ ኦብዱሊያ ተቀምጠዋል፤
ከቱሮን በአውቶቡስ መጥተው፣
መሐረባቸው ላይ ሁለት ፖም ቋጥረዋል።
በዲናሚቱ ጊዜ ይተኛሉ፣
በንግግሩም ይተኛሉ፣
ልብስ የምታጥብ ሴት ከታየች ግን ይነቃሉ፤
«እንደዚያ አይጨመቅም» ይላሉ።

የቱሮን መጨረሻ አውቶቡስ
አምስት ሰዓት ከዐሥር ላይ ይነሣል።
ፊልሙ፣ ሁለቱ ዕረፍት ተጨምሮ፣
እስከ አምስት ተኩል ይተርካል።
ሴልሶ ሰዓታቸውን አዩ፤ በትንሿ መስኮት ቁልቁል አዩ፤
ስምንተኛው ጥቅልል ሲያልቅ
(ኮረብታው ላይ እሳት፣ ሰው ሁሉ ሲዘፍን)
ዘጠነኛውን በእግራቸው ገፋ አድርገው
ዐሥረኛውን ጫኑ።

እናም በእኛ ሸለቆ በዚያ ማታ
ጦር አልመጣም።
ከእሳቱ ቀጥሎ ጸደይ ሆነ፤
የወህኒ በር ተከፈተ፣
ወንዶች ኮፍያቸውን ጨምድደው ወጡ፣
ሴቶቹ ጮኹ፣ አንገት ላይ ተጠመጠሙ።
መቼ እንደታሰሩ፣ በምን እንደታሰሩ
ማንም አልጠየቀም።
ይህን ያህል የተቀመጠ ሰው ምክንያት አይፈልግም።
ከኦቪየዶ የመጣው ጋዜጠኛ እንኳ
«ወደ መጨረሻው ፈጠን ይላል» ብሎ አመሰገነ።

በሩ ላይ ሴኞራ ኦብዱሊያ እጄን ያዙኝ።
«ነገም ይኼው ነው የሚታየው?»
«ይኼው ነው።»
«ግንቡስ? የመቃብሩ ግንብ? አልሠሩትም?»
ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።
«ወንድሜ ኤላዲዮ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።
ሸሚዙን እኔ ነኝ ያጠብኩት።
አምስት ቀዳዳ።
ቁጠሪ ያለኝ የለም። ቆጠርኩ።»
ቀና ብለው ወደ ትንሿ መስኮት አዩ፤
ሴልሶ መብራት አጥፍተዋል።
«ዛሬ ግን በበሩ ወጣ» አሉ፣ «ኮፍያ ይዞ።
አንድ ትኬት ለነገ።»
ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ሮጡ፣ በዚያ ጉልበታቸው።
አንዱ ፖም ወንበሩ ላይ ቀርቶ ነበር።

በላሁት።

ሴልሶን ስጠይቃቸው «ለአውቶቡሱ ብዬ ነው» አሉኝ፣
እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ፊታቸውን አዙረው።
በማግስቱም፣ በሳልስቱም፣
አውቶቡስ በማይሠራበት እሑድም
ዘጠነኛው ቆርቆሮ ወለል ላይ ዋለ፣
የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ።
ሰኞ ዐሥራ ሁለቱንም ቆጥረን፣ ፈርመን መለስን።

ሴልሶ አሁን የሉም፤ ኖቬዳም ጫማ ቤት ሆኗል።
ዘጠነኛውን እኔም
እስከ ዛሬ አላየሁትም።